«ሰምቼ ነው እንጂ አላነበብኩም»

ለአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከ10 ዜሮ ሰጥቻታለሁ። አልኮረጀችም፣ አልዋሸችም። እንዲያውም ዜሮ ያገኘችው ባለመዋሸቷ ነው። ነገሩ ካለፈ ሰንብቷል፤ እኔ ግን «የንባብ ባህል» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ያቺ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች። በዚህ ዓምድ የሌሎችን ጥፋት ስነቅስ ኖሬያለሁ። ዛሬ እስቲ ተራው የኔ ይሁን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን ከተውኩ በኋላ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች «ልጆቻችን ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ ምንም አያነቡም፤ እስቲ መላ በለን» ብለው ጠሩኝ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የእነሱ አይደለም። ዕድሜውን በሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሰው ደረቱን ይነፋል። እኔም ነፋሁ። አንድ ሌሊት ተቀምጬ «ዕቅድ» አወጣሁ። እያንዳንዱ ተማሪ በወር አንድ መጽሐፍ ያነባል። «የንባብ መዝገብ» የሚባል ደብተር ይይዛል፤ የመጽሐፉን ርእስ፣ የደራሲውን ስም፣ የገጹን ብዛትና አጭር ጭብጡን ይጽፍበታል። ከአማርኛ ትምህርት 10 ማርክ ለዚህ ይመደባል። በተርሙ መጨረሻ እኔ ራሴ ሄጄ እያንዳንዱን ልጅ በቃል እጠይቃለሁ። ዕቅዱን ያነበቡ ሁሉ «ግሩም ነው!» አሉ። እኔም ግሩም ነው ብዬ አመንኩ።

የመጀመሪያው ወር ሰላም ነበር። በሁለተኛው ወር ደብተሮቹ መመሳሰል ጀመሩ። አንድ የፊደል ግድፈት በሰባት ደብተር ላይ ራሱን ደግሞ አገኘሁት። ሲጣራ ለካስ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ጭብጥ ይሸጣል! ቀጭን መጽሐፍ በ20 ብር፣ ወፍራም በ30 ብር። «ከሌላው እንዳይመሳሰል» ተብሎ የሚጻፍ ከሆነ ጭማሪ አለው። ስልክ ያላቸው ደግሞ ይህንንም አልከፈሉም፤ ቻትጂፒቲን ጠይቀው ይገለብጣሉ። ኃላፊዎቹ ነጋዴውን ልጅ ሊቀጡት አስበው ነበር። እኔ ግን ውስጤ አልፈቀደም። ምክንያቱም ጭብጥ ለመሸጥ የግድ ማንበብ ነበረበት። በዚያ ሁሉ ዘመቻ ከልቡ ያነበበ ተማሪ ቢቆጠር አንደኛው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የተርሙ መጨረሻ ደረሰና የቃል ጥያቄው ቀን መጣ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየገቡ ያጠኑትን ጭብጥ እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርዱታል። ከመካከሉ ጥያቄ ስጠይቃቸው ክሩ እንደተበጠሰ መቁጠሪያ ይበታተናሉ። እንደምንም ስድስት፣ ሰባት እየሰጠሁ አሳለፍኳቸው። ከሰዓት በኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ገባች። መዝገቧ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብላ ጽፋለች።

«ይህንን ሁሉ ጨረስሽው?» አልኳት።

ዝም አለች። እኔም ቀጥዬ፣ ሰዎች ካሣ ዳምጤን ጉዱ ካሣ የሚሉት ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እውነት ስለሚናገር ነዋ!» አለች ወዲያው። «ሌላው ሰው የሚያፍርበትን እሱ ደፍሮ ስለሚናገር እንደ እብድ አዩት። ቲቸር፣ እኔን ግን ያናደደኝ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ዘር ዘር እያሉ ልጅቷን ያለ ባል አስቀሯት። እማዬ ደግሞ በእሳቸው ስትስቅ እንጀራው አረረባት።»

«እናትሽ? እናትሽ ምን አገናኛቸው?»

ልጅቷ አየችኝ። መዋሸት ትችል ነበር። «አብረን ነው የሰማነው። በዩቲዩብ፣ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው። ማታ ማታ እሷ ስትጋግር እኔ ስተኩስ እንከፍተዋለን። እማዬ ማንበብ አትችልም። እኔ… ሰምቼ ነው እንጂ አላነበብኩም ቲቸር።»

እና ዜሮ ሰጠኋት። ደንቡ ደንብ ነው አልኩ። የማንበብ ዕቅድ ነው የወጣው፣ የመስማት አይደለም። ልጅቷ «እሺ» ብላ ወጣች። ቀጥሎ የገባው ልጅ የገዛውን ጭብጥ ጥርት አድርጎ ተወጣና ስምንት አገኘ።

ማታ ቤቴ ገብቼ እራቴን ስበላ ነው ነገሩ የጎረበጠኝ። ያንን መጽሐፍ በዓመታት የማስተማር ሥራዬ ለስንት ተማሪ አስተምሬዋለሁ። ስለ ጉዱ ካሣ «የዘመኑን ሥርዓት የሚተች ገጸ ባሕርይ» እያሉ የጻፉልኝን የፈተና ወረቀቶች ቁጥራቸውን አላውቀውም። ፊታውራሪ መሸሻ ያናደዱት ተማሪ ግን አላስታውስም። ታዲያ እኔ ልጆቹ ላይ ልዘራ የፈለግኩት ነገር ምን ነበር? ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ነው? ወይስ ሌላ?

እዚህ ላይ ቃሉን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል። በግዕዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። «አንበበ» የመጣው ከዚያው ነው፤ ፊደሉን አናገረው እንደ ማለት። ማንበብ ለአባቶቻችን ድምፅ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ፊደል ቆጠራው በዜማ፣ ንባቡ በዜማ፣ ዳዊቱም በዜማ። ዝም ብሎ የሚያነብ ልጅ ከመሪጌታው ዘንድ የሚያገኘው ኩርኩም ነው፤ ዝም ያለ ልጅ ያላነበበ ልጅ ነውና። ደግሞ ይህ የእኛ ብቻ ነገር አልነበረም። አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ»ው ውስጥ የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ ድምፁን ሳያሰማ በዓይኑ ብቻ ሲያነብ ማየቱን እንደ ልዩ ነገር ጽፎታል። አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ ነው። ብቻን ሆኖ፣ ዝም ብሎ፣ ለራስ ማንበብ በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ገና ጫማውን አላወለቀም።

አልቃሻ አምደኞች (ራሴን ጨምሬ) «የንባብ ባህላችን ሞተ» እያልን ስንጽፍ ስንት ዓመታችን! መሞቱን እንጂ መወለዱን የነገረን ግን የለም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ከሚችለው እጅግ ይበልጥ ነበር። እኛ በሰማንያዎቹ ዋዜማ ሁለተኛ ደረጃ የተማርነውም ቢሆን ከዛሬዎቹ ልጆች የተሻልን ሆነን አይደለም ያነበብነው። ምን ነበረን? ቴሌቪዥን በሰፈሩ አንድ ቢገኝ ነው። እሱም አንድ ጣቢያ ነው፣ ማታ ከፍቶ ማታ ይዘጋል፣ ግማሹ የእርሻ ምርት ዘገባ ነው። በምሽት ሰዓት እላፊ ነበር። ማንበብ የኛ ዘመን በጎነት ሳይሆን የኛ ዘመን ድብርት መድኃኒት ነበር። ለዛሬ ልጅ ስልኩ የሰጠውን ለኛ የሰጠን «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ና ጀምስ ሃድሊ ቼዝ ነው። ይህንን ሳንናገር ልጆቹን መውቀስ ነውር ነው።

እኔ ያደግኩት ደሴ ነው። ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ሱቅ ጥግ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ነበር፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። በቀን 10 ሳንቲም ነው ኪራዩ። ገጻቸው የተገነጠለ፣ ሽፋናቸው በላስቲክ የተለበደ መጻሕፍት በገመድ ተሰቅለው ይታያሉ። እንደ ዛሬ ሳስበው፣ ጋሼ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳን «ምን ገባህ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። መጽሐፉን ስመልስ አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገጾቹን ይቆጥራል። የሚጨነቀው የጎደለ ገጽ እንዳይኖር እንጂ ለጭንቅላቴ አልነበረም። መጽሐፉ ከባድ ነው፣ ለዕድሜህ አይሆንም፣ ይህ ይጠቅምሃል የሚል ነገር ከአፉ አልወጣም። ከቤት ግን ሌላ ነው። እናቴ በኩራዝ ሳነብ ታገኘኝና «ዓይንህን ታጠፋለህ፤ ጋዙንም ትጨርሳለህ» ብላ እፍ ትለዋለች። (የዚያን ዘመን መንግሥት የመጽሐፍ አሳታሚ ድርጅቱን «ኩራዝ» ሲለው እናቴን አላማከረም።) ጎረቤታችን ደግሞ ጨምራ «ተይው፣ የእከሌ ልጅ ያበደው በንባብ ነው» ትላለች። በየከተማው አንድ እንደዚህ የሚባልለት እብድ አለ፤ መጽሐፍ አብዝቶ ያበደ።

በዚህ መሳቅ ይቻላል፤ ግን የእናቴ ጎረቤት አንድ ነገር ገብቷታል። ብቻውን ጥግ ይዞ የሚያነብ ልጅ ከቤቱ ወጥቷል። አካሉ አለ፤ ቢጠሩት አይሰማም። ማን እያናገረው እንደሆነ፣ ምን እየነገረው እንደሆነ እናቱ አታውቅም። እኛ አገር ሰው ከሰው ጋር ነው የሚበላው፣ የሚያለቅሰው፣ የሚጸልየው። ብቻውን የሚበላ ይታማል። ታዲያ ብቻውን የሚያስበውስ? በግል ማንበብ የምንለው ነገር ሲገለጥ ይኼው ነው፤ ልጁ ወላጅም፣ መምህርም፣ ቄስም፣ ካድሬም የማይገቡበት አንድ ክፍል በራሱ ውስጥ እንዲኖረው መፍቀድ። ለመፍቀድ ዝግጁ ነን ወይ? እኔ ዝግጁ መስሎኝ ነበር። ግን ለክፍሉ በር ሠራሁና ቁልፉን እኔው ያዝኩት። «ምን አነበብክ? ስንት ገጽ? ጭብጡ ምንድን ነው?» የምል ተቆጣጣሪ ሆንኩ።

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ማስገደድ ከነአካቴው ይቅር ነው የምትለው?» ሊለኝ ይችላል። ነገሩ ያን ያህል ቀላል ቢሆን ምነኛ ጥሩ ነበር! አያቴ ዳዊት የተማሩት በአለንጋ ነው። የመሪጌታቸውን አለንጋ እስኪሞቱ አልረሱትም። ሆኖም ዳዊታቸውን ሳይደግሙ ፀሐይ ወጥታባቸው አታውቅም፤ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በቃላቸው ይሉት ነበር። ገጹን ባያዩትም በየቦታው ይገልጡታል! ይህ ፍቅር ካልሆነ ፍቅር ምን እንደሆነ አላውቅም። በዱላ የተጀመረ ነገር ሁሉ በጥላቻ ያልቃል የሚለውን ስብከት አያቴ ያፈርሱብኛል።

በሌላ ወገን ደግሞ የጆን ስቱዋርት ሚል ነገር አለ። አባቱ በሦስት ዓመቱ ግሪክኛ አስጀመሩት። ሌሎች ልጆች ኳስ ሲያባርሩ እሱ ታሪክና ፍልስፍና እያነበበ፣ ያነበበውን በማግስቱ በእግር ጉዞ ላይ ለአባቱ ያስረክባል። የኔ «የንባብ መዝገብ» ማለት ነው፤ ስኮትላንዳዊ አባት ያለው። ሃያ ዓመት ሲሆነው በ1826 (እ.ኤ.አ.) ነፍሱ ባዶ ሆነች። ምንም ነገር የማያስደስተው፣ ለምን እንደሚኖር የማያውቅ ወጣት ሆነ። ያነበባቸው መጻሕፍት ሁሉ አላዳኑትም። ከጨለማው ጥቂት ያወጣው ምን እንደሆነ በግለ ታሪኩ ጽፎታል። ማንም ሳያዝዘው የማርሞንቴል የሚባል ፈረንሳዊ ማስታወሻ ሲያነብ፣ ልጁ አባቱን ያጣበት ቦታ ላይ ደረሰና አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የወርድስወርዝ ግጥሞች ደረሱለት። ያ ሰው ነው በ1859 ስለ ነጻነት ያንን መጽሐፍ የጻፈው። ልብ በሉ፣ በግድ የተነበቡት መጻሕፍት ሊቅ አድርገውታል፤ ይህ አይካድም። ሰው ሆኖ እንዲቀጥል ያደረገው ግን ሪፖርት ያልቀረበበት መጽሐፍ ነው።

አያቴንና ሚልን አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ ይህ ነው። ማንበብ መቻልና ለራስ ማንበብ ሁለት ነገር ናቸው። መቻል ማስገደድ ይፈልጋል። ፊደል በፍቅር ብቻ አይቆጠርም። ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ ሳይደናቀፍ መዝለቅ ያልቻለን ልጅ «ንባብን ውደድ» ማለት፣ እግሩ የተሰበረን ሰው እስክስታ ውረድ እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም፤ እዚያው ትምህርት ቤት ሳስነብባቸው አይቻለሁ። ለእነሱ መጀመሪያ ያስፈልጋቸው የነበረው በየቀኑ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ፣ መታረም፣ መድገም ነበር። የመሪጌታው ሥራ፣ አለንጋው ሲቀር። ለራስ ማንበብ ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ማስገደዱ ይቅርና መሸለሙም ያበላሻል። በ1973 (እ.ኤ.አ.) በስታንፎርድ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ሦስት ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ ልጆችን መርጠው ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ሣሉ፤ ተሸለሙ። ከሳምንታት በኋላ ሲታዩ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች በፈቃዳቸው የሚሥሉበት ጊዜ ካልተሸለሙት ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ወርዷል። ይወዱት የነበረው ነገር ሥራ ሆነባቸው። የኔ 10 ማርክ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ፈረንሳዊው ዳንኤል ፔናክ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ የአንባቢን 10 መብቶች ዘርዝሯል። ራሱ መምህርም ልቦለድ ጸሐፊም ነበር። የመጀመሪያው መብት ያለማንበብ መብት ነው። ገጽ የመዝለል፣ ጀምሮ የመተው መብትም አለበት። ለተማሪዎቼ ስለዚህ መጽሐፍ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሲስቁ እኔም ስስቅ። ያንን ያስተማርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ ዜሮ የሰጠሁት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ሕሊናዬ አይፈቅድም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በጥብቅ ቁጥጥር ተሰጥቶ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቶች ስለ ንባብ የሚያነሡት በፈተና በኩል ነው። እኔንም የጠሩኝ ለዚያ እንደነበር ዘግይቶ ነው የገባኝ። «ልቦለድ ያንብቡ፣ እንግሊዝኛቸው ይሻሻላል፣ ውጤታቸው ከፍ ይላል» ይባላል። ውሸት አይደለም። የሚያነብ ልጅ ጥያቄውን በቶሎ ይረዳል። ነገር ግን አንድን ልጅ ለውጤት ብለህ መጽሐፍ ካስጨበጥከው፣ ውጤቱ የመጣ ዕለት ይጥለዋል። ያልመጣ ዕለትም ይጥለዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ባያልፍ እንኳ የሚቀረው ነገር እንዲኖረው ነበር ማንበብ የፈለግኩለት። ብዙዎቹ ደግሞ አያልፉም። ይህን ወላጅ ፊት ቆሞ መናገር ይከብዳል፤ እኔም በስብሰባው ላይ አልተናገርኩትም። «ውጤት» እያልኩ ነው የቀሰቀስኩት።

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አለው። ልቦለዶቹ ግን ቁልፍ ባለው የመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ናቸው። ጠባቂዋን «ለምን አይዋሱም?» አልኳት። ደግ ሴት ናት። «ጋሼ፣ መጽሐፍ ከጠፋ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው» አለችኝ። አሁን አንድ አዲስ ልቦለድ በርካታ መቶ ብር በሚሸጥበት ዘመን፣ ሁለት መጽሐፍ ቢጠፋባት የወሯን አስቤዛ ነካ ማለት ነው። እንግዲህ ፍረዱ። ለእሷ የሚበጃት ማንም የማይገባበት ቤተ መጻሕፍት ነው። መጽሐፍ ያልጠፋበት ቤተ መጻሕፍት በቆጠራ ጊዜ ይመሰገናል። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ሲከፈት የተደሰትኩትን ያህል ተደስቼ አላውቅም፤ ወረፋውን ቆሜ ገብቻለሁ። ነገር ግን ልጆች የሚውሉት አብርሆት አይደለም፤ የመስታወት ቁምሳጥኑ ጋ ነው። ችግሩን የሚፈታው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን አንድ ደብዳቤ ነበር፤ «በውሰት ለጠፋ መጽሐፍ ጠባቂዋ አትጠየቅም» የሚል። ያንን ደብዳቤ ለማስጻፍ ዕቅዱን ለማስጸደቅ ከፈጀብኝ ጊዜ ሦስት እጥፍ ፈጀብኝ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። መስማትና ማንበብ አንድ ነው ወይ? አሁንም አንድ ነው አልልም። እኔም ልጅ ሆኜ የወጋየሁን ትረካ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ሰፈሩ ጸጥ ይል ነበር። ኋላ የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ራሱን ሳነበው ግን አንድ ነገር አጋጠመኝ፤ ጉዱ ካሣ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚናገረው በወጋየሁ ድምፅ ነው። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው። ያን የመሰለ ድምፅ ስለሰጠኝ ባለውለታዬ ነው፤ ግን የራሴ ጉዱ ካሣ ኖሮኝ አያውቅም። ሲነበብልህ ተራኪው ይሮጣል፣ አንተ ትከተላለህ። ስታነብ ግን ትቆማለህ። ወደ ኋላ ትመለሳለህ። «ይኼ እንኳ ልክ አይመስለኝም» ብለህ መጽሐፉን ደረትህ ላይ ታስተኛዋለህ። ያቺ ልጅ ቀን ትምህርት ቤት መምህር ሲናገር ትሰማለች፣ ማታ ቤት እየተኮሰች ሌላ ድምፅ ትሰማለች። ማንም የማይናገርባት፣ በራሷ ፍጥነት የምትሄድበት ግማሽ ሰዓት የላትም። እንድታነብ የምፈልገው ለዚህ ነው። ይህ የኔ ፍላጎት እንጂ የእሷ ዕዳ አይደለም። ዕዳ አድርጌ ዋጋዋን አስከፈልኳት። በዚያ ላይ ከእናቷ ጋር የሠራችውን ነገር፣ ሁለት ሴቶች አንድ ኩሽና ውስጥ በአንድ መጽሐፍ ሲናደዱና ሲስቁ ያመሹትን፣ ባዶ ነው ብዬ ጻፍኩበት። እናትየው ማንበብ የማትችል ናት። ልጅቷ ዜሮዋን ስትነግራት ምን ብላት ይሆን? ይህን ሳስብ ነው እስከ ዛሬ ፊቴ የሚቀላው።

በሳምንቱ ሄድኩ። ማርኩን ላስተካክል ስል ሮስተር ተሠርቶ አልቋል ተባለ። ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ውዬ ያተረፍኩት «በሚቀጥለው ተርም ይካካሳል» የሚል ነው። በሚቀጥለው ተርም ግን መዝገቡም ማርኩም ቀረ፤ እኔው ራሴ አስቀረሁት። በምትኩ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ያነባል፤ መምህራኑም። የፈለጉትን ነው። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ዳይሬክተሩ «እሺ፣ በምን ይለካል?» አለኝ። አይለካም አልኩት። «ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ አልነበረኝም።

ይሠራል ወይ? እንጃ። አንዳንዱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይተኛል። አንዳንዱ ልቦለዱን ይከፍትና በመሐሉ የሒሳብ ወርክሺት ይሠራል። አንድ የፊዚክስ መምህር ስልኩ ላይ የኳስ ውጤት ሲያይ አግኝቼዋለሁ፤ እሱም ንባብ ነው ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ? ጭብጥ ነጋዴው ልጅ ግን ንግዱ ከተዘጋበት በኋላም ያነባል፤ አሁን ጭቅጭቁ የትኛው መጽሐፍ የማይረባ እንደሆነ ነው።

ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። አንገቷን ደፍታ «ምንም አይደል ቲቸር» አለችኝ። ልጆች ለትልቅ ሰው የሚሉት ነው፤ ይቅር ማለቷን አያሳይም። ልትሄድ ስትል ግን ተመለሰችና፣ ትረካው ውስጥ የሰማችው ሁሉ መጽሐፉ ላይ እንዳለ ይሁን ወይም ወጋየሁ የጨመረው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ከመስታወቱ ቁምሳጥን መጽሐፉን አስወጥቼ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፤ ክብደቱን በእጇ መዝና «ወይኔ!» አለች።

ይኼው ተርም አለፈ፣ መጽሐፉ አልተመለሰም። እያነበበችው ይሁን፣ አልጋ ሥር ጥላው ይሁን፣ ለሌላ ሰው አውሳው ይሁን አልጠየቅኳትም። ባለፈው ሳምንት የቤተ መጻሕፍት ጠባቂዋ ቆጠራ ሊደርስ ነው ብላ ደወለችልኝ፤ ደብዳቤውን ረስታዋለች። አስታወስኳት። አላመነችም። እንግዲያውስ በኔ ስም መዝግቢው አልኳት።